የአሮጌ ቮልስ ሰርባቶዮና ፍሬን፦ የቱ ይታጠብ፣ የቱ ይለወጥ፣ የቱ ለባለሙያ ይሰጥ?

ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሽከረከሩት አሮጌ መኪናዎች ቤት ውስጥ ለመጠገን እንደ ቮልስ የሚመች የለም። ሰርባቶዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) በአራት ብሎን የታሰረ ነው። ፍሬኑ ያለ ምንም ረዳት በእግር ጉልበት ብቻ ይሠራል። የመጨረሻው የጥንቱ ቢትል (ቮልስ) እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢመረትም መለዋወጫው እስካሁን ይመረታል። ባለቤቱን የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ለዛገ ሰርባቶዮ አምስት ዓይነት መፍትሔ ይነገረዋል፤ ለደከመ ፍሬንም እንደዚያው። ርካሹ መንገድ አንዳንዴ ትክክለኛው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ አደገኛው።

እዚህ የምናነጻጽረው በአንድ መለኪያ ነው፦ ጥገናው ካለቀ በኋላ ችግሩ ቢመለስ ጉዳት ሳያደርስ በፊት የሚታይበትን መንገድ እናስቀድማለን። ዝገትን ወይም ቀዳዳን ሸፍኖ የሚያስቀር ጥገና የሚመረጠው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ቮልስ እንደሆነ ይለዩ

ሶማሌ ተራ ለዕቃ ከመውረድዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። ቤንዚን የሚሞላው የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ ከሆነ ሰርባቶዮው የቀድሞው ዓይነት ነው። በቀኝ በኩል ከፊት ፓራፋንጎ በላይ የራሱ ትንሽ በር ካለው ግን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ወዲህ የመጣው ዓይነት ነው። ሁለቱም ወደ 40 ሊትር ይይዛሉ፤ የመሙያ አንገታቸው ግን ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ እንዲሁ አይገባም። ያገለገለ ሰርባቶዮ ሲገዙ የቤንዚን ጌጁንም ያስተያዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የነበረው በሽቦ የሚጎተት ሜካኒካል ጌጅ ነው፣ የኋለኛው በኤሌክትሪክ ይሠራል።

ለፍሬኑ ደግሞ ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ወደሚገፋው ሲሊንደር) የሚወርዱትን ቱቦዎች ይቁጠሩ። ማጠራቀሚያው የፊት ኮፈኑ ሥር ከትርፍ ጎማው ኋላ ይገኛል። አንድ ቱቦ ከሆነ ባለአንድ መስመር ፍሬን ነው፣ ሁለት ከሆነ ባለሁለት መስመር። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ባለሁለት መስመሩ እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ጀምሮ መደበኛ ሆኗል፤ ወደ ሌሎች አገሮች በተላኩት ላይ ግን ዓመቱ ይለያያል። ሊብሬው ላይ ካለው ዓመት ይልቅ ቱቦውን ይመኑ።

ሰርባቶዮ፦ ምርመራው ከአሲዱ ይቀድማል

የታወቀው ምልክት ይህ ነው፦ ሞተሩ በዝግታ ጥሩ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ወይም ፍጥነት ሲጨመር ይታነቅና ይጠፋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ፖምፓው ሲስብ የዝገት ቅርፊት መውጫው ላይ ባለው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ መሳቡ ሲያቆም ይራገፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ካርቡራቶር ያስፈታል፤ ችግሩ ግን ያለው ከፊት፣ ሰርባቶዮው ውስጥ ነው።

ለማረጋገጥ ከሰርባቶዮው ሥር የሚወጣውን ጎማ ቱቦ ፈትተው አንድ ሊትር ያህል በጠራ የብርጭቆ ማሰሮ ይቅዱ። አወራረዱ ያልተቆራረጠ መሆን አለበት። ማሰሮውን አሥር ደቂቃ ያስቀምጡና ታቹን ይመልከቱ። ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር በግልጽ መስመር ተለይቶ ይተኛል። ቡናማ ዱቄት ብቻ ካለ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው፣ እጥበት ይበቃዋል። ጥፍር የሚያህል ቅርፊት ከወረደ ዝገቱ ብረቱን በልቷል። ጥቁር ወይም ሬንጅ የመሰለ ነገር ከሆነ ለዓመታት የቆመ ቤንዚን የተወው ሙጫ ነው፤ እሱን አሲድ አይነካውም፣ አሴቶን ወይም ቲነር ይፈልጋል። ሙጫው ሳይወጣ የሚገባ አሲድም ከሥሩ ያለውን ዝገት አያገኘውም። ለሙጫው ሁለት ሦስት ሊትር ቲነር ጨምሮ ሰርባቶዮውን በየጎኑ ለአንድ ሰዓት ያህል እያስተኙ ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሲያወጡት ከሩብ በታች ቤንዚን ይኑረው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ማንደጃ፣ ከጀነሬተርና ከሲጋራ የራቀ ቦታ ላይ ይሁን፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ መጀመሪያ ይንቀሉ። ትርፍ ጎማውን ያውጡ፤ የጌጁን ሽቦና የታችኛውን ቱቦ ይፍቱ፤ ቱቦውን በብሎን ይድፈኑ፤ ከዚያ አራቱን ብሎኖች በ13 መፍቻ ፈትተው ሰርባቶዮውን ወደ ላይ ያንሡ። ውስጡን ለማየት የኤልኢዲ ባትሪ እንጂ ተራ አምፖል ያለው የእጅ መብራት አያስገቡ።

አምስቱ መንገዶች

*ሰንሰለትና ሳሙና።* ለቡናማ ዱቄትና ለላላ ቅርፊት። አንድ ሁለት ሜትር ቀጭን ሰንሰለት ጫፉ በሽቦ ታስሮ ይገባል፣ አምስት ሊትር ሙቅ ውሃና ኦሞ ይጨመራል፣ ሰርባቶዮው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በየጎኑ ይናጣል። ሽቦው ሰንሰለቱን መልሶ ለማውጣት ነው። ጠጠር የሚጨምሩ አሉ፤ ጠጠር ይፈጫል፣ ዱቄቱም ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ይህ ዘዴ ብቻውን ጠንካራ ዝገት አያነሣም፤ ከቀጣዮቹ በፊት ግን ሁልጊዜ ይቅደም።

*አቼቶ።* የምግብ አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው። ይሠራል፣ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሰርባቶዮውን ለመሙላትም 40 ሊትር ያስፈልጋል። ለሞተር ሳይክል ሰርባቶዮ ጥሩ ነው፣ ለቮልስ አያዋጣም።

*ሲትሪክ አሲድ።* በዱቄት መልክ ይሸጣል። ለአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲደረግ ለሙሉ ሰርባቶዮ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይፈልጋል። በ12 ሰዓት ውስጥ ብዙውን ይጨርሳል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ደህናውን ብረት መብላት ይጀምራል። አሲዱ ብረት ሲነካ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ አፉን አይድፈኑ። መካከለኛ ዝገት ላለበት ሰርባቶዮ በዋጋም በድካምም የሚመረጠው ይህ ነው።

*ኤሌክትሮሊሲስ (በኤሌክትሪክ ማጽዳት)።* ለከፋ ዝገት ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ዝገቱን ሲያነሣ ደህናውን ብረት አይበላም። ለ40 ሊትር ውሃ 200 ግራም ያህል ዋሺንግ ሶዳ ይበጠበጣል። ዋሺንግ ሶዳ ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳን በ200 ዲግሪ ሙቀት ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ማቆየት ወደ እሱ ይለውጠዋል። በጌጁ ቀዳዳ በኩል የ8 ወይም የ10 ፌሮ ይገባል፤ ሰርባቶዮውን ፈጽሞ እንዳይነካ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይያዛል። የባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ ሰርባቶዮው ላይ፣ ፖዘቲቭ ፌሮው ላይ ይታሰራል። ከተገለበጠ የሚበላው ሰርባቶዮው ነውና ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ቻርጀሩ አሮጌው፣ ባለመርፌው ይሁን፤ ዘመናዊው ባትሪ ካላገኘ አይሠራም። መርፌው በአንዴ እስከ ጫፍ ከዘለለ ፌሮው ብረቱን ነክቷል ማለት ነው። በየጥቂት ሰዓቱ ፌሮውን አውጥተው በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው ይቆማል እንጂ የሚበላሽ ነገር የለም። ከፌሮ ይልቅ አይዝጌ ብረት አይጠቀሙ፣ መርዛማ የክሮም ውህድ ይወጣዋል። እዚህም ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ደጅ ይሠራ፤ ሽቦዎቹንም ከመንቀልዎ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት ያጥፉ፣ ብልጭታ እንዳይፈጠር።

*የሽንት ቤት አሲድ ወይም የባትሪ አሲድ።* ፈጣን በመሆኑ ብዙ ጋራዦች ይወዱታል። በአንድ ሰዓት ያጸዳል፤ በዚያው ሰዓት የቀጠነውን ላሜራና የሁለቱን ቆርቆሮ መገጣጠሚያ ያሳሳል። ከሦስት ወር በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ማላብ የሚጀምረው ሰርባቶዮ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። አይመረጥም።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ወሳኝ ነው። በአሲድ የታጠበው አንድ እፍኝ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይለቅለቅና በንጹህ ውሃ ይጠብ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይገልበጥ። የተራቆተ ብረት እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል። እንደደረቀ ወዲያው አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ሚሊ ሊትር የ“ቱ ስትሮክ” ሞተር ዘይት ጋር አቀላቅለው ውስጡን ሁሉ ያዳርሱ። ክረምት ላይ መኪናው የሚቆም ከሆነ ሰርባቶዮው ሞልቶ ይቁም፤ ባዶው ቦታ በሰፋ ቁጥር ሌሊት የሚጤዘው ውሃ ይበዛል።

የሚያፈስ ሰርባቶዮ

መንገድ ላይ ላጋጠመ ትንሽ ማፍሰስ ደረቅ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ ማሸት እስከ ቤት ያደርሳል፤ ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም። ከዚያ በኋላ ያሉት ምርጫዎች ሙጫ፣ ስታኞ፣ ብየዳ፣ የውስጥ ሽፋንና ሌላ ሰርባቶዮ ናቸው።

ባለሁለት ቱቦው የብረት ሙጫ ለወራት ይይዛል፤ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ግን ብዙዎቹን ዓይነቶች ያለሰልሳል። ለመርፌ ቀዳዳ የተሻለው ስታኞ ነው፤ ቦታው እስኪያብረቀርቅ ተፍቆ ሌላ ቦታ በጋለ ከባድ የስታኞ ብረት ይሠራል እንጂ ሰርባቶዮው ላይ ነበልባል አይቀርብም። ብየዳ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ታጥቦ የደረቀ ሰርባቶዮ እንኳ በመገጣጠሚያው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲሞቅ ይተናል፣ ያ ትነት ይፈነዳል። የሚበይደው ሰው ውስጡን በውሃ ወይም በማይነድ ጋዝ ሳይሞላ ችቦ የሚያነሣ ከሆነ ሰርባቶዮውን ይዘው ይመለሱ።

በውስጥ የሚፈስሰው ማሸጊያ ሽፋን ማስታወቂያው ያማረ ነው። ብረቱ ፍጹም ንጹህና ደረቅ ሆኖ ከገባ ለዓመታት ይሠራል። ትንሽ ዘይት ወይም ዝገት ከቀረ ግን በሉህ መልክ ተላቆ መውጫውን ይደፍነዋል፤ ያንን ለማውጣት ከዝገት ይልቅ ይከብዳል። ከሥሩ ያለውን ብረት ሁኔታም ከዚያ በኋላ ማየት አይቻልም። መገጣጠሚያው የሚያልብና ምትክ ያልተገኘለት ሰርባቶዮ ላይ ብቻ እንመክረዋለን። ከውጭ ዘመድ ሊያመጣልዎት ካሰበም ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ታቹ ከሁለት ሦስት ቦታ በላይ የተበሳ ከሆነ ሌላ ሰርባቶዮ መፈለግ ከሁሉ ይረክሳል።

ቱቦና ማጣሪያ

ቮልስን ከሚያቃጥሉት ነገሮች ዋናው የቤንዚኑ ጎማ ቱቦ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ጨርቅ የለበሰው አሮጌ ቱቦ ከጨርቁ ሥር ይሰነጠቃል፣ ከላይ ደህና ይመስላል። አጥፈው ይሽቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ጊዜው አልፏል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል በቆየባቸው ዓመታት እንደታየው፣ ለኢታኖል ያልተሠራ አሮጌ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የቤንዚን ምልክት የታተመበት አዲስ ቱቦ ይግዙ፤ የውሃ ወይም የአየር ቱቦ አይተካውም።

የፕላስቲክ ማጣሪያ ሞተር ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚታይባቸው ቮልሶች ብዙ ናቸው። ክብደቱና ንዝረቱ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ላይ ይጎትተዋል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ዲስትሪቢዩተር ነው። ቦታው ከሰርባቶዮው ሥር ወይም ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ይሁን። ካርቡራቶሩ ላይ ያለውን የነሐስ መግቢያ በጣት ይሞክሩት፤ ተጠቅጥቆ የገባ ስለሆነ በአሮጌዎቹ ላይ ይላላል። ከተንቀሳቀሰ ፋሼታ ማጥበቅ አይፈታውም፣ መግቢያው ራሱ መስተካከል አለበት። የብረት ቱቦው የሞተር ክፍሉን ላሜራ አልፎ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎሚኒ መኖሩንም ይዩ፤ ከሌለ ላሜራው ቱቦውን ይቆርጠዋል።

ፍሬን፦ ፔዳሉ የሚናገረው

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ፔዳሉን ያዳምጡ። ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ሲረገጥ ከፍ የሚል ፔዳል የሸራ ማስተካከያ ይፈልጋል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ አየር አለበት። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚወርድና ውጭ የሚያፈስ ነገር የሌለው ከሆነ የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ወይ አንዱ ሸራ ዘይት ነክቶታል፣ ወይ ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጧል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ራሱን የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ነው፤ በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠፋ ፒስተኑ የመመለሻዋን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋና መሄጃ ያጣል፣ ፍሬኑ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ደህና ማስተር የጣሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የኋላ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ) ውስጥ ዘይት ሲያገኙ የየት እንደሆነ ይለዩ። ጥቂት በጣትዎ ይዘው ውሃ ያፍስሱበት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይታጠባል፤ የማርሽ ዘይት እንደተለጠፈ ይቀራል፣ ሽታውም ይከረፍፋል። የመጀመሪያው የዊል ሲሊንደር (ጎማው ላይ ሸራውን የሚገፋው)፣ ሁለተኛው የአክሱ ማኅተም ሥራ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም።

ታምቡር መፍታት

መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ሥር አይገባም፤ በብረት መቆሚያ ወይም በወፍራም ጣውላ ይደገፍ። ድንጋይና ብሎኬት ሳይታሰብ ይሰነጠቃሉ። የኋላው ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ ጎማው መሬት እንደያዘ ኮፒሊያው ወጥቶ ይላላል። ሲመለስ የሚጠብቀው በ294 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው ሰው፦ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ አግድም በተዘረጋ ዘንግ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍ እዚያ ገደማ ይደርሳል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ይጨመርበታል እንጂ አይላላም። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል፣ መጨረሻው ጎማው ብቻውን መዞር ነው።

ከፊት በግራ በኩል ያለው ዳዶ በግራ የሚጠብቅ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ የታገሉት ሰዎች ጥርሱን አበላሽተዋል። የፍጥነት መለኪያው ሽቦም በዚያው ክዳን መሃል ስለሚያልፍ መያዣውን መጀመሪያ ያውጡ። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በኮምፕሬሰር ወይም በአፍ አይነፋም፣ በሳሙና ውሃ ረጥቦ ይጠረጋል።

ጎሚኒ መለወጥ ወይስ ሙሉ ዊል ሲሊንደር?

ኪቱ (የጎሚኒዎቹ ስብስብ) ርካሽ ነው፣ እና ሁኔታው ከፈቀደ ጥሩ ሥራ ነው። ሁኔታውን የሚወስነው የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ፒስተኖቹን አውጥተው በጨርቅ ያጽዱና በጥፍርዎ ይፈትሹት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከሌለ ለስላሳ “ሆን” (የሲሊንደር መሳያ) ብቻ አስነክተው ኪት ይግጠሙ። ጉድጓዱ ጎሚኒው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነና ቀላሉ መሳል ካላጠፋው ሲሊንደሩ ይጣል። ጠልቆ የተሳለ ሲሊንደር ለጎሚኒው ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከአንድ አክስ በአንዱ በኩል ብቻ አይለውጡ።

ለፊት የተለመደው ልክ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላው እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ሞዴል 19.05፣ ከዚያ በኋላ 17.46 ነው። ሁለቱ የኋላ ዓይነቶች ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ሻጩ “ይገባል” ቢልም ልኩን አካሉ ላይ ያንብቡ። ሰፊው በጠባቡ ቦታ ከገባ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፋሉ፣ ዝናብ ላይ መኪናው ይዞራል።

እዚህ ላይ የሚፈጸም አንድ ስህተት ሥርዓቱን ሁሉ ያበላሻል፤ የፍሬን ዕቃን በቤንዚን ወይም በላምባ ማጠብ ነው። የተረፈች ጠብታ ጎሚኒውን ታሳብጣለች፤ ያበጠ ጎሚኒ ይጣበቃል፣ ማስተሩን ጨምሮ ሁሉም መለወጥ አለበት። የሚታጠበው በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ነው።

ሸራና ታምቡር

ሸራው ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይለወጣል። አዲስ ጫማ (ሸራው የሚመታበትን ብረት) መግዛትና በአሮጌው ጫማ ላይ ሸራ ማስመታት ሁለቱም ያስኬዳሉ። ለአሮጌ ቮልስ የራሱን ጫማ አስመትቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የጥንቱ ብረት ወፍራም ነው፣ ቅርጹም ልኩ ነው። ሲረከቡ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ፊት በደንብ መግባቱን፣ ሸራው ከጫማው ጋር ክፍተት አለመፍጠሩን በብርሃን አሳልፈው ያረጋግጡ። ታምቡሩ አዲስ ሲሆን 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶርኖ ቤት ሲላግ ከ231.5 ማለፍ የለበትም፣ ግራና ቀኙም እኩል ይላጉ። ከዚያ ያለፈ ታምቡር ይስሳል፣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ፔዳሉ ቁልቁለት ላይ ይሰምጣል።

የፍሬን ዘይት

የፍሬን ዘይት ደረጃ በዶት ይነገራል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን በትንሹ በ205 ዲግሪ፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ በ140 ይፈላል። ዶት 4 በ230 እና በ155 ነው። ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ። ልዩነቱ ቦሌ መንገድ ላይ አይታወቅም፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ግን፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ፣ ውሃ የጠጣ ዘይት ታምቡሩ አጠገብ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ዶት 4፣ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ፤ ቁልቁለቱም በሁለተኛ ማርሽ። አንድ ሊትር ለማጠብም ለመሙላትም ይበቃል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይጠቀሙ።

ሲሊኮኑ ዶት 5 ቀለም አይልጥም፣ ውሃም አይጠጣም። የገባው ውሃ ግን ሳይቀላቀል ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ እዚያው ያዝጋል። ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ለማስገባት ጎሚኒው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት። ለማሳያ ለቆመ መኪና እንጂ በየቀኑ ለሚነዳ አንመርጠውም። ዶት 5.1 በስሙ ቢመስልም ሲሊኮን አይደለም፣ ከዶት 4 ወገን ነው። የዶት 3ና 4 ዘይት ቀለም ስለሚልጥ ኮፈኑ ሥር ሲሞሉ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ ይለቅልቁ።

ማስተር፣ ቱቦና ዲስክ

ባለአንድ መስመር ፍሬን ላይ አንድ ጎማ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ፍሬኖች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ለቀድሞዎቹ ሞዴሎች የተዘጋጀ ባለሁለት መስመር ማስተር ይገኛል። ከእሱ ጋር ባለሁለት መውጫ ማጠራቀሚያ፣ ጥቂት አዲስ የብረት ቱቦና የፍሬን መብራት ማብሪያ ይፈልጋል። ከከተማ የሚወጣ መኪና ካለዎት ከቀለምና ከወንበር በፊት ገንዘቡ እዚህ ይዋል። ለፊት ዲስክ ፍሬን ከሚወጣው ወጪም ይህ ይቀድማል። በትክክል የተስተካከለ ታምቡር ቮልስን ለማቆም ይበቃል፤ ዲስክ የሚገጥም ሰው ደግሞ የታምቡሩን ማስተር መጠቀም አይችልም። የታምቡር ማስተር መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፣ ዲስክ ላይ ያ ግፊት ፍሬኑን ሳያለቅቅ ያስቀረዋል።

የብረት ቱቦው 4.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ጥርሱ የ10 ሆኖ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከብረትና ከመዳብ-ኒኬል ቱቦ ሁለተኛው ይሻላል፤ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የማቀዝቀዣ ንጹህ መዳብ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በንዝረት ጠንክሮ ይሰነጠቃልና ለፍሬን አይውልም። የቮልስ ቱቦ ጫፍ እንደ አረፋ የተነፋ ነጠላ ቅርጽ ነው፤ የአሜሪካ መኪናዎች ድርብ እጥፍ እዚህ አይገጥምም፣ ቢጠብቅም ያልባል። ጎማ ቱቦዎቹ አራት ናቸው። አንዱ ካረጀ አራቱም አርጅተዋል፣ አንድ ላይ ይለወጡ። እነሱና ጎሚኒዎቹ ቀላል ስለሆኑ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይገባሉ፤ ዘይቱን እዚሁ ይግዙ።

አየር ማውጣትና ማስተካከል

ተራው ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው፤ ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመራል። በሁለት ሰው ሲሠራ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን በ7 መፍቻ ይከፍትና ፔዳሉ ሳይመለስ ይዘጋል። ችግሩ አሮጌ ማስተር ላይ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበትን የዛገ ቦታ ይነካል፣ ይቀደዳል፤ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ ጣውላ ያድርጉ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው የተሻለው የአንዱን ጎማ ብሎን ብቻ ከፍቶ ዘይቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ማስተሩን ግን አይጎዳም። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ብቻ ይጠበቅ። በመምጠጫ የሚሠራው ፈጣን ቢሆንም በመክፈቻው ጥርስ በኩል አየር ስለሚስብ አረፋው አልቆ አያልቅም፤ ሰው ያታልላል።

ከዚያ ሸራው ይስተካከላል። ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፤ ጫማዎቹ መሃል ይይዛሉ። በታምቡሩ ወይም፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች፣ በጀርባው ላሜራ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው ኮከቧን (ጥርስ ያላትን ማስተካከያ) ጎማው እስኪቆለፍ ያዙሩ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጥርስ ይመልሱ። እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኮከብ አለው፤ አንዱን ብቻ የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። የእጅ ፍሬን የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ሸራው ሳይስተካከል ሽቦው ከጠበቀ ጫማዎቹ ሳይለቁ ይቀራሉ፣ ሸራው ይቃጠላል። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ አራተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማዎች በእጅ መዞር የለባቸውም።

መጀመሪያ ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ በ20፣ ከዚያ በ40 ይሞክሩ። አዲስ ሸራ ታምቡሩን እስኪመስል ይበላል፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮከቦቹን እንደገና ያስተካክሉ፣ የኋላውን ዳዶ ኮፒሊያ ይዩ፣ የዘይቱንም ከፍታ ያረጋግጡ።